ከውርርዱ የሚበላ ዳኛ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የድሬ ሙቀት ገና አልበረደም። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ውርርድ ቤት ፊት ለፊት ሰባት ባጃጆች ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ ውስጥ ናቸው። ተሳፋሪ ቢጣራም ዞሮ የሚያይ የለም። ከመሃላቸው አንዱን አውቀዋለሁ፣ የሰፈር ልጅ ነው። ትኬቱን ጨምድዶ ወጣና "አንድ ቡድን አቃጠለኝ አቦ!" አለኝ። አሥር ጨዋታ ቆርጦ ዘጠኙ ገብቶለታል። አሥረኛው በጭማሪ ሰዓት በገባች ጎል ተበላሸ። "ለጥቂት!" ይላል ደጋግሞ። የባጃጁን ባለቤት የቀን ገቢ ሞልተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና ሞተሩን አስነሳ።

ይቺን "ለጥቂት" ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ድሬ ላይ የውርርድ ነገር ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን "ቁማር ነው፣ ይዘጋ" ይላል። ይህን የሚለው ብዙ ሰው ነው፣ ምክንያትም አለው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 90 ላይ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር ደርቦ ነው የከለከለው። የክርስቲያን እናቶችም ቢሆኑ ልጃቸው ቁማርተኛ ተባለ ማለት ሰፈር ለቀው እንዲሄዱ የሚያስመኝ ነገር ነው። ሌላው ወገን ደግሞ "ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ ለልጆች ሥራ ፈጥሯል፣ ተውት" ይላል። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ይህ ክርክር ሲካረር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ምርቃናው ሲበርድ ክርክሩም አብሮ ይበርዳል፣ ያለ ውጤት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይፈቀድም ይከልከልም፣ ዳኛው ማን ነው? ዳኛው ራሱ ከውርርዱ ይበላል ወይስ አይበላም?

"ውርርድ" የሚለው ቃል እኮ ከእግር ኳስ በፊት የነበረ ነው። የድሮ ሰው ሙግት ሲገጥም ይወራረድ ነበር። "በማር!" ይላል አንዱ፣ "በበቅሎ!" ብሎ ሌላው ያስበልጣል። የተረታው ሰው ያስያዘው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገባው ለባላጋራው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ተሟጋቾች በተጋጋሉ ቁጥር ዳኛው ማር ይበዛለታል። ተረጋጉ፣ ታረቁ ብሎ የሚገላግላቸው ዳኛ ከኪሱ ነው የሚያጣው። ይህን ስርዓት ያነሳሁት ለታሪክ አይደለም። ዛሬም ያለንበት ስለሚመስለኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ሕጋዊ የዕድል ጨዋታ ማለት እሱ ነበር። በየመንገዱ ትኬት የሚያዞሩት ሰዎች፣ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ፣ ተፍቆ የሚታየው ፈጣን ሎተሪ፣ ሁሉም የሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 535 ተቋሙን እንደገና ሲያቋቁመው ሎተሪ ለሚለው ቃል ሰፊ ትርጉም ሰጠው። ቶምቦላ፣ ሎቶ፣ ቢንጎ፣ የስፖርት ውርርድ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ገቡ። ተቋሙ ራሱ ያጫውታል። ለሌሎች ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚቆጣጠረውም ራሱ ነው። ዛሬ ስሙ የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት ሆኗል፣ የሚተዳደረውም በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው። ሆልዲንግሱ የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅቶችን አትራፊ እንዲያደርግ ነው። በዚህ አላማረርም፣ የመንግሥት ሀብት ማትረፍ አለበት። ግን አትርፍ የተባለ ተቋም "ሰዉ ትንሽ ይጫወት" ብሎ እንዲቆጣጠር መጠበቅ ከባድ ነው። ማሩ የሚመጣው ከሙግቱ ነውና።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 ላይ ከሎተሪና ከሌሎች የዕድል ጨዋታዎች በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የፌደራል መንግሥቱ ነው ይላል። ክልሎች አያገኙትም። ድሬዳዋ ደግሞ ክልል እንኳ አይደለችም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416 የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌደራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ ሳቢያን ላይ የተቆረጠ ትኬት ሲበላ ከሽልማቱ የሚቀነሰው ግብር ሽቅብ ይሄዳል። የኩባንያው ፈቃድም ከላይ ነው የሚመጣው። ታች የሚቀረው ምንድን ነው? የቤት ኪራይ፣ ለገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ደሞዝ፣ እና ጣጣው።

ጣጣውን የሚያውቀው ቀበሌው ነው። ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። አደራ የተሰጠ የዕቁብ ብር ሲጠፋ የሚጠራው የሰፈሩ ፖሊስ ነው። ልጁ እንቅልፍ አጥቶ፣ ራሱን ጠልቶ ሲወድቅ የሚወሰደው ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። ቁማር ሱስ ነው ሲባል እንደ ስብከት የሚሰማው ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከሱስ ሕመሞች ጋር አስቀምጦታል። ሕመሙ ድሬ ይታከማል፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይቆጠራል። ይህን ነው በቅድሚያ ማስተካከል ያለብን።

አሜሪካ ላይ ክርክሩ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌደራል ሕግ ከጥቂቶቹ በቀር ክፍለ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን እንዳይፈቅዱ አግዶ ነበር። ኒው ጀርሲ ተከራከረች። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፣ ውሳኔውም ለየክፍለ ግዛቱ ተተወ። ከዚያ ወዲህ ከ35 በላይ ፈቅደዋል። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ የመሰሉት ትልልቆቹ እንቢ እንዳሉ ናቸው። የነሱ መንገድ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግብሩን ለማግኘት ሲሽቀዳደሙ ቁጥጥሩን የረሱ አሉ። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ትርፉን የሚያገኘውና ጣጣውን የሚሸከመው አንድ አካል ነው፣ መራጩም የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። የድሬ ሰው ማንን ይጠይቅ?

ወደ "ለጥቂት" ልመለስ። ውርርድ ቤት እንዴት እንደሚያተርፍ ብዙ ተጫዋች በደንብ ያወቀ ይመስለዋል፣ ኦድ (ያስያዝከው ብር ሲገባልህ የሚባዛበት ቁጥር) ማንበብ ስለሚችል። እስቲ በቀላል ሂሳብ እንየው።

ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጨዋታ ላይ መቶ መቶ ብር አስያዙ እንበል። ከሁለት ጎል በላይ ይቆጠራል፣ አይቆጠርም በሚል። ዕድላቸው እኩል ነው። የበላው 200 ይወስዳል። ውርርድ ቤት ሲገቡ ግን ለሁለቱም 1.85 ኦድ ይሰጣቸዋል። የበላው የሚወስደው 185 ነው። 15 ብሩ ቤቱ ጋ ቀረች፣ ማንም ይብላ ማን። ከመቶ ሰባት ተኩል መሆኑ ነው። ይሄ ብቻውን አያስፈራም። ሱቅ ውስጥ ዘይት ስንገዛም ባለሱቁ ያተርፍብናል።

ነገሩ የሚከፋው ስንደረድር ነው። ድሬ ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ይሳቅበታል። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ነው የሚደረደረው፣ ኦዱ እየተባዛ እንዲወፍር። አሥር ጨዋታ በ1.85 ስትደረድር ኦዱ ወደ 470 ይጠጋል። 10 ብር ይዘህ 4,695 ብር! ማን ይጠላል? ግን አሥር እኩል ዕድል ያላቸው ጨዋታዎች በሙሉ የመግባታቸው ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ሂሳቡ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ለ10 ብርህ መከፈል የነበረበት 10,240 ብር ነው። ቤቱ ከግማሽ በላዩን አስቀረው። በአንድ ጨዋታ ሰባት ተኩል የነበረችው የቤቱ ድርሻ በአሥር ጨዋታ ከመቶ 54 ሆነች። አብራ ትባዛለቻ።

እዚህ ላይ ግብሩን ጨምርበት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ከሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ እንዲቀነስ ደነገገ። የተበላኸው አይቀናነስልህም። በየቀኑ ስትከስር ከርመህ አንድ ቀን ቢሳካልህ ግብሩ የሚያየው ያቺን አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ስሌት 4,695 የነበረው 3,990 አካባቢ ሆኖ እጅህ ይገባል። በየቀኑ አንድ የ10 ብር ትኬት የሚቆርጥ ሰው 1,024 ትኬት ለመቁረጥ ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ገደማ ይፈጅበታል። 10,240 ብር ያወጣል። በአማካይ አንዴ ይበላል። ያገኘው ካወጣው ግማሽ አይሞላም።

ታዲያ ለምን አይተውም? ከአሥሩ ዘጠኙ ገብቶ አንዱ የሚቀርበት ዕድል ከ1,024 አሥር ነው። አሥር! ማለትም "ለጥቂት" ከመብላት አሥር እጥፍ ይበዛል። ተጫዋቹ አንዴ እስኪበላ በአማካይ አሥር ጊዜ "ለጥቂት" ይላል። ያ የሰፈሬ ልጅም "ሊሳካልኝ ነው" የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ትኬቱ የተሠራው እንዲህ እንዲሰማው ነው። ዘጠኝ ቡድን አውቄ አንዱ ነው ያበላሸብኝ ሲል በእግር ኳስ ዕውቀቱ ይኮራል። ዕውቀቱ እውነት ነው፣ የቡድኖቹን አሰላለፍ በቃሉ ይነግርሃል። ኦዱን የሚያወጣው ሰው ግን ያንኑ ያውቃል።

አንዳንዱ "ዕቁብም ዕጣ ነው" ብሎ ይሞግተኛል። ነው። ግን ዕቁብ ላይ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው። ሁሉም የጣለውን ያነሳል። የዕቁቡ ዳኛ ለድካሙ ትንሽ ቢያገኝ እንኳ አባል በከሰረ ቁጥር አያተርፍም። እንዲያውም አባል ሲከስር ዋስ ፍለጋ የሚንከራተተው እሱ ነው። ዳኛ ማለት እንዲህ ነው።

ከእግር ኳሱ የከፋው ደግሞ ቨርቹዋል የሚሉት ነው። ኮምፒውተር የሚያጫውተው ኳስ፣ የፈረስ ወይም የውሻ ውድድር። የእንግሊዝ ሊግ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ልጁ በመሃል ሥራ ይሠራል። ቨርቹዋሉ ግን በየጥቂት ደቂቃው አንድ ነው። ስለ አሰላለፍ የሚታወቅ ነገር የለም፣ አሰላለፍ የለማ። ስሙ ስፖርት ይሁን እንጂ ጠባዩ የካዚኖ ማሽን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ መወራረድ ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም የሥነ ምግባር ጥያቄ በላይ ወሳኝ ነው ባይ ነኝ። የስፖርት ውርርድ ፈቃድ የያዘ ቤት እንዲህ ያለውን ማሽን ሊያጫውት አይገባም።

"እንግዲያው ይዘጋ" የሚለው ወገን እዚህ ጋ ይደሰታል። ቆይ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ውርርድ ቤቶች በጅምላ ታሽገው ነበር። የፌደራል ፈቃድ የያዘን ቤት ከተማው ሲያሽገው ማየት በራሱ የዳኝነቱን መዘበራረቅ ያሳያል። በሩ ሲታሸግ ደግሞ ጨዋታው ወደ ስልክ ሸሸ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ኤምፔሳም ተከትሎት መጥቷል። ገንዘብ ለማስገባት ከአልጋ መነሳት አያስፈልግም። ውርርድ ቤት ውስጥ ቢያንስ ጎረቤት ያይሃል፣ አጎትህ በበሩ ያልፋል፣ ቤቱም ማታ ይዘጋል። ስልክ ላይ ማንም አያይህም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሚስትህ አጠገብህ ተኝታ የወር ደሞዝህን ትጨርሳለህ። ከዚያ አልፎ ፈቃድ የሌላቸው፣ ከውጭ የሚሠሩ ገጾች አሉ። እነሱን የሚያሽግ ቀበሌ የለም።

ጎረቤቶቻችንም ብዙ ሞክረዋል። ኬንያ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የውርርድ ኩባንያዎችን ግብር ወደ 35 በመቶ ሰቀለችው። ትልቁ ኩባንያ ስፖርትፔሳ ለአገሪቱ ስፖርት የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ። ክለቦች ጮኹ፣ ግብሩም በዚያው ዓመት ወረደ። እግር ኳሱ ራሱ በውርርድ ገንዘብ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር መንግሥት እጁ ተጠመዘዘ። እዚህም ቢሆን የድሬ ልጅ ስታዲየሙ አፍንጫው ሥር ነው፣ የሚቆርጠው ትኬት ግን የአርሰናልና የማንቸስተር ነው። የድሬዳዋ ከተማ ክለብ አንድ ቀን በማሊያው ላይ የውርርድ ኩባንያ አትሞ እንዳይመጣ እፈራለሁ።

የኖርዌይ ተሞክሮ ይበልጥ ይማርከኛል። በየሱቁ የነበሩ የቁማር ማሽኖችን በሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ሙልጭ አድርጋ አነሳች። በኋላ በመንግሥት ኩባንያ በኩል ሌላ ዓይነት ማሽን አመጣች። ያለ ግል ካርድ አይሠራም፣ በቀንና በወር የምታጣው ገንዘብ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ላይ ስትደርስ ማሽኑ ራሱ "በቃህ" ይልሃል። እንግሊዝም በ2020 እ.ኤ.አ. በዱቤ ካርድ መወራረድን ከለከለች፣ በሌለህ ገንዘብ አትጫወት ነው ነገሩ።

ካዚኖን በሁለት ቃል ልለፈው፣ ድሬ ላይ ገና የወሬ ጉዳይ ነውና። ባቡሩ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው፣ የጅቡቲ መንገድ ሲነሳ "የውጭ ሰው የሚጫወትበት ካዚኖ ቢከፈትስ" የሚል አይጠፋም። ሲንጋፖር ሞክራዋለች። በ2010 እ.ኤ.አ. ሁለት ካዚኖ ስትከፍት ዜጋዋ በሩ ላይ ለአንድ ቀን 100 የሲንጋፖር ዶላር እንዲከፍል አደረገች፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 150 አሳደገችው። የውጭ ዜጋ አይከፍልም። ካዚኖ በር ስላለው በሩ ላይ ማስከፈል ይቻላል። እኛ ጋ ግን ችግሩ በር የሌለው ውርርድ ነው። በር ያለው ላይ ተከራክረን ስንደክም በር የሌለው ኪሳችን ውስጥ ነው ያለው።

ድሬስ በራሷ ምን ማድረግ ትችላለች? ፈቃዱን መንጠቅ አትችልም። ግን በአዋጅ የተቋቋመ ምክር ቤት አላት፣ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃድ ሰጪው ራሱ የማያጫውት፣ የማያተርፍ ተቋም እንዲሆን ነው። ከከተማዋ ከሚሰበሰበው ላይም ድርሻ ተመልሶ ለሕክምናና ለወጣቶች ማዕከል ይምጣ። የትምህርት ቤት በርና የውርርድ ቤት በር ፊት ለፊት እንዳይተያዩ ማድረግ ለከተማ አስተዳደር ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ከባዱ የስልኩ ነው። እሱ ደግሞ የገንዘብ አስተላላፊዎቹን ይፈልጋል። ቴሌብር ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ያውቃል። የወር ጣሪያ ማበጀት፣ "ራሴን ለስድስት ወር አግዱኝ" ለሚል ሰው ወደ ውርርድ የሚሄደውን ክፍያ መዝጋት በቴክኒክ የሚቻል ነገር ነው። የጎደለው "በቃህ" የሚል ዳኛ ነው።

ባለፈው ሰሞን ያን ባጃጅ ነጂ ከዚራ ሰፈር ላይ አገኘሁት። ዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ከላይ የጻፍኩትን ሂሳብ በትኬቱ ጀርባ ላይ ሠራሁለት። 1,024ቱን፣ 54 በመቶውን፣ አሥሩን "ለጥቂት"። ዝም ብሎ አየው። እስክሪብቶውን ተቀበለኝና እሱም ትንሽ አባዛ። ከዚያ ቀና ብሎ "እና ወደ አምስት ጨዋታ ልቀንሳ?" አለኝ።